ከማዞሪያ እስከ ራውተር፦ በአይፒ የሚደረግ የድምፅ ግንኙነትና የስያሜዎቹ ታሪክ

1. መነሻ

በአንድ መሥሪያ ቤት ክፍሎች ወይም በተለያዩ ከተሞች በሚገኙ ቅርንጫፎቹ መካከል የሚደረግ የስልክ ንግግር፣ ለስልክ ብቻ ተብሎ በተዘረጋ ሽቦ መተላለፉ እየቀረ መጥቷል። ዛሬ ድምፁ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ በትናንሽ እሽጎች ይከፋፈላል፤ ከዚያም ጽሑፍና ሥዕል በሚመላለሱበት በዚያው አውታረ መረብ ላይ ይጓዛል። እሽጎቹን መንገድ እየመረጠ ወደየመድረሻቸው የሚመራው መሣሪያ ራውተር ይባላል። የአሠራሩ የእንግሊዝኛ ስም ቃል በቃል ሲተረጎም «በኢንተርኔት ፕሮቶኮል ላይ የሚተላለፍ ድምፅ» ማለት ነው። በአማርኛ ጽሑፎች ግን ብዙውን ጊዜ «በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅ ግንኙነት» ተብሎ ይገኛል። በሁለቱ ሐረጎች መካከል ጎልቶ የሚታየው ልዩነት «ፕሮቶኮል» የሚለው ቃል መጉደሉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ የዚህ አንድ ቃል መጉደል በአገራችን ሕግ የተፈቀደውን ነገር ከተከለከለው ጋር እስከ ማደባለቅ ሊያደርስ የሚችል መሆኑን ነው። ለዚህም ሲባል በመጀመሪያ የስልክ ቃላት በአማርኛ የተጓዙበትን መንገድ፣ ቀጥሎም የራውተርን አመጣጥና ሥራ፣ በመጨረሻም የሕጉን ጉዳይና የውሳኔ ሐሳባችንን እናቀርባለን። «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

2. ስልክ፣ ደወለ፣ ማዞሪያ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መሥመር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ዕቃው ሲገባ ሁለት ስሞች ይዞ ገባ። አንደኛው «ቴሌፎን» ሲሆን የመንግሥቱ መዝገብ ያጸደቀው ይህንኑ ነው፤ የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስቴር የሚለው ስያሜ ለዚህ ምስክር ነው። ሁለተኛው «ስልክ» ነው። ይህ ቃል ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ፍችው ክር ወይም ሽቦ ማለት ነው። ሕዝቡ መሣሪያውን የጠራው በዓይኑ በሚያየው ነገር፣ ይኸውም ከእንጨት እንጨት ተወጥሮ በሚሄደው ሽቦ ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱ ስሞች ፉክክር ያሸነፈውም «ስልክ» ሆነ። «ቴሌ» የሚለው ቅንጣት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ አጭር መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ቀርቷል።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ዛሬ «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል በሥርወ ቃሉ ከሄድን «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን ነው። ይሁን እንጂ ማንም አድማጭ አይደናገርም። «ደወለ» የሚለውም ግሥ የተገኘው ከደወል ነው፤ ዛሬ መሣሪያው ደወል ባይኖረውም ሰው ስልክ ይደውላል። ስለዚህ አንድ ቃል በአገልግሎት ከጸና በኋላ ሥርወ ቃሉ አያስረውም። ሥያሜ የሚፈረድበት በሥርወ ቃሉ ትክክለኛነት ሳይሆን በዛሬው አጠቃቀም ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማሳየት በመቻሉ ነው።

ለጉዳያችን ከሁሉም የሚቀርበው ቃል «ማዞሪያ» ነው። ቃሉ «ዞረ» ከሚለው ግሥ፣ በአድራጊው «አዞረ» በኩል የተገኘ ሲሆን፣ የሣሪያና የቦታ ስም መሥራች በሆነው በ«ማ-» እና በ«-ያ» ቅርጽ የተሠራ ነው። በመሆኑም መሣሪያውንም ቦታውንም ያመለክታል። በእጅ ይሠራ በነበረው ዘመን ደዋዩ በቀጥታ ከሚፈልገው ሰው ጋር አይገናኝም ነበር። ጥሪው መጀመሪያ ማዞሪያ ዘንድ ይደርሳል፤ ስልከኛው ወይም ስልከኛዋ የተፈለገውን ሰው ጠይቀው ሁለቱን መሥመሮች በገመድ ያገናኛሉ። ንግግሩ እስኪያበቃ ድረስ ያ መሥመር የሁለቱ ሰዎች ብቻ ነው፤ ሌላው ጠሪ «መሥመር ተይዟል» ይባላል። በኋላ የሰው እጅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ መሣሪያውም በኤሌክትሮኒክስ ሲተካ ቃሉ አልተለወጠም። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሚተከለውም የውስጥ ስልክ ማገናኛ «የውስጥ ስልክ ማዞሪያ» ተባለ። እንግዲህ ማዞሪያ ማለት በሙያው ቋንቋ ጥሪን ተቀብሎ፣ ተፈላጊውን ለይቶ፣ ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ ማለት ነው።

3. «ፓኬት» የተባለው ቃል እንዴት እንደተመረጠ

የራውተር ታሪክ የሚጀምረው ከሌላ አሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በብሪታንያ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዶናልድ ዴቪስ፣ ኮምፒዩተሮች መልእክታቸውን በአጫጭር ቁርጥራጮች ከፋፍለው ቢላላኩ አንዱን መሥመር ብዙዎች ሊጋሩት እንደሚችሉ አሰበ። በአሜሪካ ፖል ባራን ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አሳብ ቀደም ብሎ አቅርቦ ነበር፤ የእርሱ መጠሪያ ግን «የመልእክት ብሎክ» የሚል ነበር። ዴቪስ ለቁርጥራጩ «ፓኬት» የሚለውን ስም ከማጽደቁ በፊት፣ ቃሉ በሌሎች ቋንቋዎች አቻ ይገኝለት እንደሆነ የቋንቋ ባለሙያዎችን ጠይቆ እንደነበር የኮምፒዩተር መረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። አንድ መሐንዲስ መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት የተርጓሚውን ድካም ማሰቡ ለእኛ ሙያ የሚያስደስት ምሳሌ ነው።

የባራን ስም ቀርቶ የዴቪስ ስም ጸና። የአማርኛው አቻ ግን ቀላል አልሆነም። «ፓኮ» ከጣሊያንኛ ገብቶ የሲጋራ መያዣ ሆኗል። «ጥቅል» ለጊዜው የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን የቴሌኮም ድርጅት በአንድ ዋጋ ለሚሸጠው የደቂቃና የኢንተርኔት መጠን «ጥቅል» የሚለውን ቃል ወስዶታል። «የኢንተርኔት ጥቅል» ሲባል የሚታሰበው የተገዛው መጠን እንጂ በመሥመር ላይ የሚጓዘው ቁራጭ አይደለም። ስለዚህ «እሽግ» የሚለውን እንመርጣለን። አሸገ ማለት ከድኖና አትሞ መዝጋት ነው፤ የመረጃውም ቁራጭ ላኪና ተቀባይ በተጻፈበት ራስጌ የተዘጋ ነውና ፍችው ይስማማዋል።

4. ራውተር የማዞሪያን ሥራ ሲወስድ

እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ በጀመረው በአርፓኔት፣ እሽግ ተቀብለው የሚያስተላልፉ ልዩ ኮምፒዩተሮች ተተክለው ነበር። የዛሬው ራውተር ቅድመ አያቶች እነዚህ ናቸው። በዚሁ መረብ ላይ ዳኒ ኮኸንና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ድምፅን በእሽግ ማስተላለፍ ጀመሩ። ዘዴው ወደ ገበያ እስኪወጣ ግን 20 ዓመት ያህል አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1995 ቮካልቴክ የተባለው ኩባንያ በኮምፒዩተር የሚነጋገሩበትን ፕሮግራም ለሽያጭ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ኤች.323 የተባለውን ደንብ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ሲፕ የተባለው ደንብ ታተመ። ራውተር በመሥራት የታወቀው ሲስኮም እ.ኤ.አ. በ1998 የአይፒ ስልክ የሚሠራውን ሴልሲየስን ገዛ። በነዚህ ዓመታት ራውተር የስልክ መሰኪያና የማዞሪያ መሥመር የሚቀበል ካርድ እየተጨመረበት ለመሥሪያ ቤቶች ይሸጥ ጀመር።

ሥራው እንዲህ ነው። ተለምዷዊው የድምፅ አለዋወጥ በሴኮንድ 64 ሺህ ቢት ይፈጃል። ድምፁ በየ20 ሚሊሴኮንዱ ቢታሸግ በእያንዳንዱ እሽግ ውስጥ 160 ባይት ድምፅ ይኖራል፤ በዚህ ላይ 40 ባይት ራስጌ ይጨመራል። በሴኮንድ 50 እሽጎች ስለሚላኩ ለአንድ አቅጣጫ ንግግር 80 ሺህ ቢት ያስፈልጋል። በሌላ ዘዴ ድምፁ ወደ 8 ሺህ ቢት ሊጨመቅ ይችላል። ያን ጊዜ የድምፁ ክፍል 20 ባይት ብቻ ሲሆን ራስጌው እንደዚያው 40 ባይት ነው፤ ማለትም ፖስታው ከደብዳቤው እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ መሥመሩ ጠባብ በሚሆንበት ቦታ ራውተሩ ራስጌውን ጭምር ይጨምቃል። ከዚህም ሌላ ለድምፅ እሽጎች ቅድሚያ ይሰጣል፤ ደብዳቤ ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ ማንም አያስተውልም፣ ንግግር ግን ይሰናከላል። ዓለም አቀፉ ኅብረት ለመልካም ንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሴኮንድ ያልበለጠ እንዲሆን ነው።

ለስያሜው ጥያቄ ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው። በዚህ አሠራር የማዞሪያው ሥራ ለሁለት ተከፍሏል። ጥሪውን ተቀብሎ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ ተፈላጊውን ስልክ እንዲጮህ የሚያዝዘው አንድ ፕሮግራም ነው። ድምፁን የሚያደርሱት ደግሞ ራውተሮች ናቸው፤ ራውተሩ ስለ ጥሪው የሚያውቀው ነገር የለም፣ የሚያነበው የእያንዳንዱን እሽግ አድራሻ ብቻ ነው። ሆኖም የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ራውተር ከዋናው ፕሮግራም ጋር ግንኙነቱ ሲቋረጥ፣ በቅርንጫፉ ውስጥ ያሉትን ስልኮች ራሱ እንዲያገናኝ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ያን ጊዜ አንዱ ሣጥን ራውተርም ማዞሪያም ነው። ዕቃው አንድ ሲሆን ሥራው ሁለት መሆኑን የማይለይ ስያሜ ተርጓሚውን ያሳስተዋል።

5. የወረዳኔት ምሳሌ

በአገራችን ይህ አሠራር በሰፊው የታቀደው በወረዳኔት ነው። ወረዳኔት በ1990ዎቹ አጋማሽ የተዘረጋ የመንግሥት አውታረ መረብ ሲሆን፣ የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በምድር መሥመርና በሳተላይት ለማገናኘት የታሰበ ነበር። ከአገልግሎቶቹ መካከል የምስል ስብሰባ፣ የመልእክት ልውውጥ፣ የኢንተርኔት ግንኙነትና በአይፒ የሚደረግ የድምፅ ግንኙነት ይገኙበታል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለች የወረዳ ከተማ ውስጥ ያለ ጽሕፈት ቤት ወደ ደብረ ማርቆስ ይደውል እንበል፤ ሁለቱም ጽሕፈት ቤቶች የሳተላይት ጣቢያ ያላቸውና ዋናው ጣቢያ በአዲስ አበባ አካባቢ የሚገኝ ይሁን። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ድምፁ ከአምበር ወደ ሳተላይቱ ይወጣል፤ ወደ ዋናው ጣቢያ ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል፤ ከዚያም ደብረ ማርቆስ ይወርዳል። አንዱ ምልልስ ወደ 240 ሚሊሴኮንድ፣ ሁለቱ ወደ 480 ሚሊሴኮንድ ይፈጃሉ። በአውራ ጎዳናው ጎረቤት የሆኑት ሁለት ከተሞች በዚህ መንገድ ሲነጋገሩ ተናጋሪዎቹ እርስ በርሳቸው ንግግር ይቋረጣሉ፤ አንዱ «አልጨረስኩም» ሳይል ሌላው ይጀምራል። ፋይበር ሲደርስ ግን ያው ራውተር፣ ያው ስልክ፣ ያው ቁጥር ሳይለወጥ መዘግየቱ ወደ ጥቂት ሚሊሴኮንዶች ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። በዚህ ጥሪ ውስጥ ድምፁ በኢንተርኔት አላለፈም። ያለፈው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የራስ አውታረ መረብ ውስጥ ነው። እሽጎቹ የታሸጉበትና አድራሻ የተጻፈባቸው ግን በኢንተርኔት ፕሮቶኮል ነው። ፕሮቶኮል የልውውጥ ሥርዓት ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ በዚያ ሥርዓት ከተገናኙት መረቦች ሁሉ ትልቁና ለሕዝብ ክፍት የሆነው ነው። ግዕዝ ያነበበ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ እንደማይባል፣ በኢንተርኔት ፕሮቶኮል የተላከ ሁሉ በኢንተርኔት አለፈ አይባልም።

6. የጎደለው ቃል በሕግ ፊት

በ1994 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅ ወይም የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከልክሎ ነበር። ወረዳኔት የተዘረጋው ይህ ክልከላ በጸናበት ወቅት ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት ራውተር የሚሠሩ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው የመንግሥት ዕቅድ፣ ሁለተኛው በሕግ የተከለከለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመሣሪያው ሳይሆን ድምፁ ከሚያልፍበት መረብና ከአገልግሎቱ ባሕርይ የመጣ ነው። አንድ ተርጓሚ የጨረታ ሰነድ ሲተረጉም የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ስልክ «በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅ ግንኙነት» ብሎ ቢጽፈው፣ ሳያስበው የተፈቀደውን ዕቃ በተከለከለው ስም ጠራው ማለት ነው።

ጉዳዩ በ2004 በበለጠ ከበደ። በዚያ ዓመት የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 የስልክ ጥሪ ወይም የፋክስ አገልግሎትን በኢንተርኔት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ እንዲቀጣ ደነገገ። የአገልግሎቱ ተቀባይም የተለየና የቀለለ ቅጣት ተጽፎበት ነበር። ረቂቁ ሲሰማ የውጭ አገር መገናኛ ብዙኃን ስካይፕን የተጠቀመ ሰው እስከ 15 ዓመት እንደሚታሰር ዘገቡ። መንግሥትም ዓላማው ጥሪ በስውር እያስገቡ የሚነግዱትን መከላከል እንጂ ስካይፕን መጠቀም መከልከል አለመሆኑን በመግለጽ ዘገባውን አስተባበለ። የክርክሩ ምክንያት ፖለቲካም ይኑርበት፣ የቃላት ድርሻ ግን ግልጽ ነው። «መስጠት» ከ«መጠቀም»፣ «የስልክ ጥሪ አገልግሎት» ከ«ንግግር»፣ «ኢንተርኔት» ከ«ኢንተርኔት ፕሮቶኮል» ካልተለየ፣ ከዘመዱ ጋር በኮምፒዩተር የተነጋገረው ሰውና ዓለም አቀፍ ጥሪ እያስገባ የሚሸጠው ሰው በአንድ ቃል ይጠራሉ። በወንጀል ሕግ ደግሞ አንድ ቃል የሰው ነጻነት ነው።

በ2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለተወዳዳሪዎች ከፍቶ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ። ከዚህ በኋላ የሚጻፉት ፈቃዶች፣ ውሎችና መመሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጎን ለጎን ይዘጋጃሉ። ስያሜዎቹን አሁን መለየት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

7. ለራውተር የቀረቡ ስያሜዎችና የእኛ አሳብ

ለራውተር ከአማርኛ ግሦች ሊወጡ የሚችሉትን ስያሜዎች መርምረናል። «ማዞሪያ» ለመሣሪያው ቅርብ ይመስላል፤ ሆኖም ከላይ እንዳየነው የጥሪ ማገናኛ ስም ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ በሚገናኙበት ዘመን ይህን ልዩነት መሻር አይገባም። «አዟሪ» በመንገድ ላይ ጋዜጣና ሸቀጥ ይዞ የሚዞረውን ሻጭ ያስታውሳል። «አዘዋዋሪ» በፍች ይጠጋ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ሰዎችንና አደንዛዥ ዕፅን በሕገ ወጥ መንገድ ለሚያዘዋውሩ መጠሪያ ሆኖ ጥላው ከብዷል። «ጠቋሚ» በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ለሚንቀሳቀሰው ምልክት ተወስዷል፤ በሰዉም አፍ ሌላ መጥፎ ትዝታ አለው። «መሪ» የመኪናም የአገርም ነው።

ከግዕዝ በኩል «መራሔ ፍኖት» የሚለው ጥምር ቃል ይገኛል። አሠራሩ ትክክል ነው፤ «መራሔ መንግሥት» እና «ፍኖተ ካርታ» መንገዱን ጠርገውለታል፤ ፍችውም መንገድ መሪ ማለት ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ጋር ይገጥማል። የሚጎድለው ተናጋሪ ነው። ዕቃውን የሚሸጠው፣ የሚተክለውና የሚጠግነው ሰው ሁሉ «ራውተር» ይላል። በ«ቴሌፎን» እና በ«ስልክ» ፉክክር ያየነው የመዝገብ ስም የአፍን ስም እንደማያሸንፍ ነው። በ1989 የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሥራም ያስተማረን፣ ስያሜ መፍጠር የሥራው ግማሽ እንደሆነና ሌላው ግማሽ በተጠቃሚው እጅ እንደሚገኝ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ «ራውተር» እንዳለ ይጽና፤ «መራሔ ፍኖት» በመዝገበ ቃላት እንደ ፍች ይሰፈር። ሁለተኛ፣ «ማዞሪያ» በእጅም ሆነ በፕሮግራም ቢሠራ ጥሪን ለሚያገናኘው ብቻ ይጠበቅ፤ አንድ ሣጥን ሁለቱንም ሥራ ሲሠራ «የማዞሪያ አገልግሎት ያለው ራውተር» ይባል። ሦስተኛ፣ «እሽግ» ለፓኬት፣ «ራስጌ» በእሽጉ ላይ ለሚጻፈው አድራሻና መግለጫ ይዋል። አራተኛ፣ መሥሪያ ቤቶች በራሳቸው መረብ የሚያደርጉት ንግግር «በአይፒ የሚደረግ የድምፅ ግንኙነት» ይባል፤ «አይፒ» ፕሮቶኮሉን ስለሚያመለክት ከኢንተርኔት ጋር አይምታታም። አምስተኛ፣ «የኢንተርኔት ስልክ» የሚለው ስም ድምፁ በእርግጥ ለሕዝብ ክፍት በሆነው ኢንተርኔት ለሚያልፍበት ብቻ ይቀመጥ።

ከአምስቱ ለተርጓሚዎች አጥብቀን የምናሳስበው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው። «ራውተር» በ«መራሔ ፍኖት» ቢለወጥ የሚጎዳ ሰው የለም፤ ቋንቋው አንድ ስም አተረፈ ወይም አጣ ቢባል ነው። «በአይፒ» የሚለው ቃል «በኢንተርኔት» ተብሎ ሲተረጎም ግን፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ስልክና በስውር የሚነገድበት ጥሪ በአንድ ስም መዝገብ ውስጥ ይገባሉ።